ሐዋሳ ያላችሁ፣ እንቅስቃሴ ከየት ልጀምር?

ሰላም ወገን፣ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ተጥጄ ነው የምውለው፣ ሰሞኑን ደሞ ጭንቀት ይዞኛል እንቅልፍም እምቢ ብሎኛል። ለጂም የሚሆን ብር የለኝም ጉልበቴንም ትንሽ ያመኛል፣ ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦
እህቴ ሐይቁ እያለልሽ ጂም ምን ያደርግልሻል! በጠዋት ፀሐዩ ሳይበረታ ሐይቁ ዳር ያለው ፍቅር ሐይቅ የሚባለው መዝናኛ ጋ ውጪና ዳር ዳሩን ወደ ዓሣ ገበያው፣ ወደ አሞራ ገደል፣ ፈጠን ብለሽ ተራመጂ፣ ፈጠን ማለት እያወራሽ መሄድ ትችያለሽ መዝፈን ግን ትንፋሽ ያጥርሻል፣ ልኩ እሱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ነው የሚለው፣ በቀን 30 ደቂቃ 5 ቀን ማለት ነው፣ ባንዴ ካልሆነልሽ ከፋፍይው። ጓደኛ ካለሽ ደሞ ይዘሻት ውጪ፣ ወሬው ራሱ ያቀላል።

መልስ፦
እዚሁ ሐዋሳ ያለውን ታቦር ተራራን መውጣት ለጊዜው ተይው፣ ቁልቁለቱ ጉልበት ላይ ይከብዳል። ቤት ውስጥ ወንበር ላይ ቀስ ብለሽ ቁጭ ብድግ በይ፣ ጭን ሲጠነክር ጉልበት ይታገዛል። ካመመሽ ግን አቁሚ።

መልስ፦
የኔ እናት ማታ ቡና ትጠጫለሽ እንዴ? ቡና ውስጥ ያለው አነቃቂ ካፌይን ሰውነት ውስጥ ለሰዓታት ይቆያል፣ ከ10 ሰዓት በኋላ ቢቀርብሽ ጥሩ ነው፣ ስልክሽንም ከአልጋ አርቂው። ጭንቀቱ ከ2 ሳምንት በላይ ከቆየ ወይ ስራ ከከለከለሽ ግን ሐኪም ጋ ሂጂ በናትሽ፣ ዝም ብለሽ አትቻይው።