ከሮቦት ክበቡ ሥራ የቱን ልቀንስ?

የሦስተኛ ዓመት የሜካኒካል ምህንድስና ተማሪ ነኝ። በዚህ ሴሚስተር 17 ክሬዲት ይዣለሁ፤ ቴርሞዳይናሚክስ፣ የፈሳሽ ሜካኒክስና የማሽን ዲዛይን አሉበት፤ ሁለቱ ላብ (የቤተ ሙከራ ክፍለ ጊዜ) አላቸው። በሮቦት ክበቡ ደግሞ የሻሲው (የሮቦቱ ዋና አካል) እና የሞተር ማሰሪያው ኃላፊ ነኝ። ውድድሩ 7 ሳምንት ቀርቶታል።

ወረቀት ላይ የሳምንቱ ሰዓት ይበቃል፦ ክፍል 17፣ ጥናት 30፣ ክበብ 8። ግን 2 ሰዓት የመደብኩለት የላብ ሪፖርት 5 ይፈጃል (ጊዜውን የሚበላው የልኬት ስህተት ስሌቱ ነው)። የማሰሪያው ቀዳዳ በግማሽ ሚሊሜትር ከሳተም ዳግም መቁረጥ ስለሚያስፈልግ የክበቡ 8 ሰዓት 14 ይሆናል። የቤት ሥራውን ወደ ቅዳሜና እሁድ ገፋሁት፤ ባሰ፤ አንድ ጥያቄ ላይ ስቆም የምጠይቀው መምህር የለም። የረዳኝ ሪፖርቱን ላብ በሠራሁበት ዕለት ማታ መጀመር ብቻ ነው፤ ወደ 3 ሰዓት ተኩል ወርዷል።

ኮርስ መጣል አልችልም፤ የማሽን ዲዛይን ለሚቀጥለው ዓመት ኮርሶች ቅድመ ሁኔታ ነው። ስለዚህ የሚቀነሰው ከክበቡ ነው። ሥራውን የሚረከብ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ አለ፤ ስዕሎቹ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጠዋል፣ የትኛው ልኬት ምን ያህል ስህተት እንደሚችል ግን የትም አልተጻፈም። ሥራው ሳይቆም በሳምንት ከ5 ሰዓት እንዳላልፍ መጀመሪያ የማስረክበው የቱን ይሁን፦ ስዕሉን፣ ቆረጣውን ወይስ ገጠማውን?