የሺዶንግ ሚያዎ ጥልፍ፦ የተሰነጠቀው ሐር ለምን ይጠጉራል?

ሙዳይ
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። በቻይና ጉዪጆ ግዛት፣ ታይጂያንግ ወረዳ፣ ሺዶንግ በሚባል ቦታ የሚኖሩ የሚያዎ ብሔረሰብ ሴቶች ክር ሰንጥቀው የሚሠሩትን ጥልፍ በ6 ሳንቲ ሜትር ቢራቢሮ ላይ እየሞከርኩ ነው። ክሩን ለስምንት ሰንጥቄ ስሰፋ ጨርቁን ሦስት ጊዜ እንዳለፈ ይበጠሳል። የቀረውም ይጠጉራል (እንደ ጠጉር ተነስቶ ይቆማል)፣ አያበራም። የተነከረው ጥቁር ጨርቅ ደግሞ ጣቴን ሰማያዊ አደረገው። ክሩ «ሐር» ተብሎ የተሸጠ ነው። የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?

ጥበበኛው
ሙዳይ እህቴ፣ ከክሩ ጀምሪ። ትንሽ ቆርጠሽ አቃጥዪው። እንደ ጠጉር ከሸተተና አመዱ በጣት ከደቀቀ ሐር ነው። ቀልጦ ጠንካራ እንክብል ከሆነ ፖሊስተር ነው፤ እንደ ወረቀት ከነደደ ሬዮን (ከእንጨት የሚሠራ ሐር መሰል ክር)። «ሐር» እየተባለ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ከሁለቱ አንዱ ነው። እውነተኛ ሐር ቢሆንም ጠብቆ የተገመደ የስፌት ክር ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ግምዱ ሲፈታ ዘለላው ይጎዳል። የሚያስፈልገው ያልተገመደ ወይም እጅግ የላላ ነው።

አሰነጣጠቁም የራሱ ዘዴ አለው። ከ40 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ቁረጪ፤ ከዚያ ከረዘመ ጨርቁ እየፋቀ ይጨርሰዋል። ጫፉን በሁለት ጣት ይዘሽ አንዷን ዘለላ ብቻ ቀስ ብለሽ ወደ ላይ መዘዝ አድርጊ። ከመሃል ገምሶ ግራና ቀኝ መጎተት ቋጠሮ ነው ትርፉ። እጅሽ ሻካራ ከሆነ በስኳርና በዘይት አሺው፤ የተሰነጠቀ ሐር የጣት ስንጥቅ ካገኘ አይለቅም።

ያላነሳሽው ነገር ደግሞ አለ፦ ሙጫው። የሺዶንግ ሴቶች የተሰነጠቀውን ክር ከመስፋታቸው በፊት እንደ ግራር ፍሬ ረጅም ቅርፊት ባለው፣ እንደ እንዶድ አረፋ በሚያወጣ ፍሬ ጭማቂ ውስጥ ያሳልፉታል። ዘለላዎቹ ተጣብቀው ጠፍጣፋ ይሆናሉ፤ የሐር ብርሃን የሚመጣውም ዘለላው ጎን ለጎን ተኝቶ ሲቀር ነው። ሳሙና አይተካውም፣ ሲደርቅ ነጭ ዱቄት ይተዋል።

ድርና ማግ
ጥበበኛው ስለ ክሩ ያለው ልክ ነው፤ ግን ሙጫው ብቻውን አያበራውም። ከሥሩ ወረቀት አለ። ቅርጹ መጀመሪያ ከወረቀት በመቀስ ተቆርጦ ጨርቁ ላይ ይለጠፋል፣ ስፌቱ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ይሸፍነዋል። ከፍ ብሎ የሚታየው ለዚህ ነው። መርፌው ከወረቀቱ ጠርዝ ውጭ፣ ለጥቂት ተጠግቶ ይውረድ። ወረቀቱን እየበሳሽ ከሄድሽ እንደ ቴምብር ጠርዝ ይሆንና ተቀዶ ይወጣል። ክሩንም አትሳቢው፣ አስተኚው። ከተሳበ ወረቀቱ ይታጠፋል፣ በስፌቶቹ መሃል ክፍተት ይታያል።

ደግሞም ስምንት ለጀማሪ በዝቷል። አራት ላይ እጅሽ ይልመድ። ጠንቅቀው የሚያውቁት እስከ 16 ይሰነጥቃሉ፤ የአንድ ሙሉ ልብስ ጥልፍ ዓመታት የሚፈጀውም ስለዚህ ነው። የሚሠራውም በትናንሽ ቁራጭ ነው፤ ቁራጩ እጅጌና ትከሻ ላይ ይሰፋል፣ ልብሱ ሲያረጅ ተፈትቶ ወደ አዲሱ ይዛወራል።

ቀይ አፈር
ስለ ጨርቁ እኔ ልመልስ። ኢንዲጎ (ጨርቁ የተነከረበት ሰማያዊ ቀለም) የሚለቀው ቀለሙ ክሩ ውስጥ ሳይገባ ላዩ ላይ ሲቀመጥ ነው። ጨርቁ ከጋኑ ሲወጣ አረንጓዴ ቢጫ ነው፤ ሰማያዊ የሚያደርገው አየር ነው። ስለዚህ አንዴ ለረጅም ጊዜ ዘፍዝፎ ከመተው ለአጭር ጊዜ ነክሮ፣ አየር አስመትቶ፣ ደጋግሞ መንከር ይሻላል። ጨውና ኮምጣጤ ለኢንዲጎ ምንም አይፈይዱም፣ ሰው ዝም ብሎ ይመክራል እንጂ። ከመጥለፍሽ በፊት ውኃው ጠርቶ እስኪወጣ በቀዝቃዛ አለቅልቂው።

ይህ ለተራው ጨርቅ ነው። ጨርቅሽ እንደ ብረት የሚያንጸባርቅ ከሆነ ግን ውኃ አታስነኪው! ያ ብርሃን በእንቁላል ነጭ ወይም ከበሬ ቆዳ በተቀቀለ ሙጫ ተቀብቶ፣ በእንጨት መዶሻ እየተወቀጠ የመጣ ነው። ከታጠበ ይሄዳል። ጠቅልለሽ አስቀምጪው እንጂ አታጥፊው፤ በእጥፋቱ ይነጣል።

ሙዳይ
ክሩ ቀለጠ፤ ፖሊስተር ነው። ለማየት አንድ እውነተኛ ቁራጭ ብገዛ ከማሽን ሥራ በምን ልለየው?

ድርና ማግ
ጀርባውን ገልብጪ። ማሽን ከታች በሌላ ክር ስለሚሰፋ ከፊት ቀለሙ ምንም ይሁን ምን ከኋላ በየስፌቱ መሃል አንድ ዓይነት ክር፣ አብዛኛውን ጊዜ ነጭ፣ ይታያል። በእጅ የተሠራው ከኋላም የፊቱን ቀለም ያሳያል። ከዚያ የግራና የቀኙን ክንፍ አስተያዪ፤ በእጅ ሥራ ቁርጥ አንድ አይሆኑም። ያረጀ ከሆነ ስፌቱ በሳሳበት በኩል ወረቀቱ ብቅ ይላል፣ ሻጩ «ጉድለት ነው» ብሎ ዋጋ ቢቀንስልሽ ዝም ብለሽ ግዢ።

«የሚያዎ ጥልፍ» ሲባል ሁሉም ይህ እንዳይመስልሽ። የጂያንሄ ወረዳ ሚያዎዎች ከቆርቆሮ የተቆረጠ ቀጭን ቁራጭ ጥቁር ጨርቅ ላይ ይሰካሉ፤ የዳንጃይ ወረዳዎቹ ጥልፍ ሳይሆን በቀለጠ ሰም ሥዕል ስለው የሚነክሩ ናቸው። ጥልፉም የሰም ሥዕሉም በ2006 የቻይና ብሔራዊ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ገብተዋል። ስለዚህ ሻጩን «ከየት ወረዳ ነው?» ብለሽ ጠይቂው። «ከሚያዎ» ብቻ ካለሽ የሚሸጠውን አያውቀውም።