በሰፈር ደረጃ ድህነትንና የኑሮ ዋስትና ማጣትን በምን እንለካ?

ሽምብጥ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ አካባቢ በሚገኝ አንድ እድር ውስጥ በጸሐፊነት አገለግላለሁ። አባሎቻችን 600 ያህል ቤተሰቦች ናቸው። ከቀብርና ከሐዘን ባሻገር የተቸገሩትን በቋሚነት ለመርዳት በጠቅላላ ጉባኤ ከወሰንን ወዲህ ገንዘብ ስናጠራቅም ቆይተናል፤ ሆኖም የተጠራቀመው ለ60 ቤተሰብ ብቻ የሚበቃ በመሆኑ ማን ይቅደም የሚለውን ለመወሰን ሦስት መንገድ ሞከርን። መጀመሪያ ሁሉንም የወር ገቢያቸውን ጠየቅን። ቀጥለን ቤት ለቤት እየዞርን ግድግዳውን፣ ወለሉን፣ ቴሌቪዥንና ፍሪጅ መኖር አለመኖሩን መዘገብን። በመጨረሻም ሰፈሩን የሚያውቁ አምስት ሽማግሌዎች ተቀምጠው ይገባቸዋል ያሏቸውን በስም ጠሩልን። ከእያንዳንዱ መንገድ 60 ስም ወጣ። በሦስቱም ዝርዝር ላይ የተገኙት ግን 11 ቤተሰቦች ብቻ ናቸው።

ይህ ውጤት እንቅልፍ ነሥቶኛል። በገቢ ዝርዝሩ ላይ ከመጀመሪያዎቹ ተርታ የተገኙት አንዲት እናት ልጃቸው ከዓረብ አገር በየጊዜው ገንዘብ ትልክላቸዋለች፤ ዋሽተውን ሳይሆን የልጅ ስጦታ ገቢ ይባላል ብለው ስላላሰቡ ነው ያልተናገሩት። በአንጻሩ እንግዶችን በጀልባ ወደ ገዳማቱ እያመላለሰ ይኖር የነበረው ጎረቤቴ፣ ቤቱ ሲሚንቶ ወለልና ፍሪጅ ስላለው ከሁለተኛው ዝርዝር ወጥቷል፤ ከኮሮና ጊዜ ጀምሮ ሥራው ተቀዛቅዞ ፍሪጁ ባዶውን እንደሚውል ግን እኔ ዐውቃለሁ። ከሦስቱ የትኛውን እንመን? መንግሥት የአገሪቱ ድህነት ይህን ያህል በመቶ ነው ብሎ ሲያስታውቅስ በምን ለክቶ ነው? ያንኑ መለኪያ ወደ ሰፈራችን ማውረድ ይቻል ይሆን?

የስታቲስቲክስ መምህር

ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልነሣ። በአገራችን ኦፊሴላዊው የድህነት ልኬት ገቢን ሳይሆን ፍጆታን የሚከተል ነው። የተመረጡ ቤተሰቦች የበሉት፣ የለበሱት፣ ለኪራይና ለትምህርት ያወጡት ሁሉ በዝርዝር ይመዘገባል፤ ከራሳቸው ማሳ ያመጡትና በስጦታ ያገኙትም ተገምቶ ይደመራል። ገቢ የሚተወው እርስዎ በገጠመዎት ምክንያት ነው። የቀን ሠራተኛም ሆነ የጉልት ነጋዴ የወር ገቢውን በአንድ ቁጥር መናገር አይችልም፤ ትናንት ምን እንደበላና ሽንኩርቱን በስንት እንደገዛ ግን ያስታውሳል።

የድህነት ወለሉ፣ ማለትም ከእርሱ በታች የሆነ ሰው ድሃ የሚባልበት መጠን፣ የሚሰላው አንድ አዋቂ ሰው በቀን 2,200 ኪሎ ካሎሪ ለማግኘት የሚያስፈልገውን የምግብ ወጪ በማስላትና ምግብ ላልሆኑ አስፈላጊ ነገሮች የሚሆነውን በላዩ በመጨመር ነው። ልጆች እንደ ዕድሜያቸው የአዋቂ ከፊል ሆነው ይቆጠራሉ። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው ጥናት ወለሉ ለአንድ አዋቂ በዓመት 7,184 ብር ነበር፤ ሲካፈል በቀን ወደ 20 ብር ይጠጋል። በዚያ ስሌት ከወለሉ በታች የነበረው የአገሪቱ ሕዝብ 23.5 በመቶ፣ የአማራ ክልል ደግሞ 26.1 በመቶ ሆኖ ተገኘ። በ1988 ዓ.ም. የአገሪቱ አኃዝ 45.5 በመቶ ነበር።

እንግዲህ ይህን ወደ ሰፈርዎ ማውረድ የማይቻለው ለምን እንደሆነ ግልጽ ላድርግ። ናሙናው ስለ አገርና ስለ ክልል እንዲናገር ተደርጎ የተመረጠ እንጂ ስለ አንድ ቀበሌ እንዲናገር አይደለም፤ ከአንድ ቀበሌ የሚደርሱት ቤተሰቦች ጥቂት ስለሆኑ ከእነርሱ የሚወጣው መቶኛ በዕድል የሚዋዥቅ ይሆናል። ባለሙያዎች ይህን ክፍተት የሚሞሉት የናሙናውን ጥናት ከሕዝብና ቤት ቆጠራ ጋር በማዛመድ ነው። የእኛ የመጨረሻ ቆጠራ ግን የ1999 ዓ.ም. ነው፤ ባሕር ዳር ከዚያ ወዲህ የት ድረስ እንደተስፋፋች እርስዎም ያውቁታል። በዚያ ላይ የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ጊዜ ወዲህ በ2008 ብር የተጻፈን ወለል ዛሬ ላይ መጠቀም ሰውን ያሳስታል።

አንድ ነገር ግን ከአገር አቀፉ ልኬት መውሰድ ይችላሉ። ድሆችን መቁጠር ብቻውን አይበቃም። ፎስተር፣ ግሪርና ቶርቤክ የተባሉ የምጣኔ ሀብት ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1984 ያቀረቡት ስሌት ሦስት ነገሮችን ይጠይቃል፤ ስንቶች ከወለሉ በታች ናቸው፣ ምን ያህል ርቀዋል፣ ከሁሉ የራቁትስ ምን ያህል ይከፋባቸዋል? ወለሉን 100 ብንለው፣ 95 ያለው ቤተሰብና 40 ያለው ቤተሰብ በቆጠራ እኩል አንድ አንድ ድሃ ናቸው። ጉድለታቸው ሲታይ ግን አንዱ 5፣ ሌላው 60 በመቶ ይጎድለዋል። ጉድለቱ በራሱ ሲባዛ የመጀመሪያው ከሞላ ጎደል ይጠፋል፤ ሁለተኛው ብቻ ጎልቶ ይቀራል። ለ60 ቤተሰብ ብቻ የሚበቃ ገንዘብ ያለው እድር ሊያየው የሚገባው ይህንን ሦስተኛውን ነው።

መረጃ ሰብሳቢ የነበርኩ

መምህሩ ያሉት ትክክል ነው፤ እኔ ደግሞ መጠይቅ ይዤ በሐይቁ ዙሪያ በእግሬ የተጓዝኩ በመሆኔ ወረቀቱ ከሰው ጋር ሲገናኝ የሚሆነውን ልናገር።

የምግብ ፍጆታ ነጥብ የሚባል፣ የዓለም የምግብ ፕሮግራም የሚጠቀምበት መለኪያ አለ። ቤተሰቡ ባለፉት ሰባት ቀናት ምን ምን እንደበላ ይጠየቃል፤ እህል 2፣ ጥራጥሬ 3፣ አትክልትና ፍራፍሬ አንድ አንድ፣ ሥጋና ዓሣ 4፣ ወተት 4፣ ዘይትና ስኳር ግማሽ ግማሽ ነጥብ እየተሰጣቸው በቀናቱ ይባዛሉ። ከ35 በላይ ያገኘ ቤተሰብ ደህና ነው ይባላል። አሁን በዐቢይ ጾም ይሞክሩት። እንጀራ በሽሮ በየቀኑ የበላ ቤተሰብ ከእህሉ 14፣ ከሽሮው 21፣ ከዘይቱ 3.5፣ በድምሩ 38.5 ያገኛል። ባለ ፎቁም የቀን ሠራተኛውም ያው ሽሮ ላይ ናቸው። በፍስክ ወራት በየቀኑ ወተት የሚጠጣው ቤት ከወተት ብቻ ያገኝ የነበረው 28 ነጥብ በጾሙ ይቀርበታል፤ ስለዚህ በእነዚያ 55 ቀናት ውስጥ የተለካ ሰፈር ሁሉ እኩል ይመስላል። ረቡዕና ዓርብም በየሳምንቱ ያንኑ በጥቂቱ ያደርጋሉ።

በዓሣ አጥማጁ ቤት ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። በጾም ወራት የዓሣ ፈላጊ ስለሚበዛ ቆሮሶውም አምባዛውም ጥሩ ዋጋ ያወጣል፤ ያን ጊዜ የለኩት አጥማጅ በዓመቱ ውስጥ ካሉት ሻል ካሉ ወራቱ በአንዱ ላይ ነው ያገኙት። ጾሙ ከተፈታ በኋላ፣ በተለይም በክረምት፣ ወደዚያው ቤት ቢመለሱ ሌላ ቤት የገቡ ይመስልዎታል።

ከዚህ የሚያድን አንድ ሐረግ አለ። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት ያዘጋጀው ስምንት ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ፣ «ምግብ ሳትበሉ የዋላችሁበት ጊዜ ነበር?» ብሎ አያቆምም፤ «በገንዘብ ወይም በሌላ አቅም ማነስ ምክንያት» የሚል ያክልበታል። ጾመኛዋን እናት ከተራበችው እናት የምትለየው ይህች ሐረግ ስለሆነች፣ ጠያቂው በችኰላ ቢዘላት መጠይቁ በሙሉ ዋጋ ያጣል። እኔ ሁልጊዜ ሁለት ጊዜ እደግማት ነበር።

የቤት ዕቃና ሀብት ስለመመዝገብም ልጨምር። ገጠር ላይ የተለመደው የሀብት ምልክት የበሬ ቁጥር ነው። ያንኑ ወረቀት ይዘው ጣና ዳር ወዳለው ዘጌ ቢገቡ በሬ ያለው ሰው ስለማያገኙ ሁሉንም የድሃ ድሃ ብለው ይመዘግባሉ፤ በልሳነ ምድሩ ላይ በሬ ጠምዶ ማረስም ሆነ ከብት ማርባት ከገዳማቱ ጋር በተያያዘ ጥንታዊ ሥርዓት የተከለከለ ነውና። ሕዝቡ የሚኖረው በዋነኛነት በጫካው ውስጥ ባለው ቡና ነው፤ ጌሾና ማገዶም በታንኳ ወደ ባሕር ዳር ያመጣል። እዚያ ሀብትን የሚናገረው የቡና ዛፍ ነው። እናንተም ፍሪጅ ከመቁጠራችሁ በፊት፣ በሰፈራችሁ አንድ ሰው ሲቸግረው መጀመሪያ የሚሸጠው ምን እንደሆነ ጠይቁ፤ ከሸጠ በኋላ የማይመለስለትን ነገር ብትመዘግቡ ይሻላል።

ዓባይ ማዶ

እኔ ባለሙያ አይደለሁም፤ ነገር ግን የሽማግሌዎቹን ዝርዝር እንደ ተራ ግምት አትዩት። ማን በዱቤ እንደሚኖር፣ ማን በአራጣ እንደተያዘ፣ የማን ልጅ ትምህርት አቋርጦ ሊስትሮ እንደሆነ መጠይቅ ሳይዙ ያውቃሉ። የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት በ2009 ዓ.ም. ሲጀመርም የሰፈር ኮሚቴ እንዲመርጥ የተደረገው ያለ ምክንያት አይደለም።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ሦስቱም ዝርዝሮቻችሁ የወጡት ከአንድ መዝገብ ነው፤ የእድር አባላት ከሆኑት መካከል። ወርኃዊ መዋጮ መክፈል ያልቻለ ሰው አባል አይደለም። ከገጠር መጥቶ በደባልነት የሚያድር፣ በአንድ ክፍል ውስጥ በአልጋ ሒሳብ የሚከፍል፣ ከሌላ አካባቢ ተፈናቅሎ ዘመድ ቤት የተጠጋ፣ ማንኛቸውም መዝገባችሁ ላይ የሉም። በሐይቁ ዳር የሚኖሩትን የነገደ ወይጦ ቤተሰቦችም ልብ በሉልኝ። ታንኳና ቅርጫት የሚሠሩበት ደንገል ከዳርቻው እየተመናመነ ነው፤ የሚያርሱት መሬት ያላቸውም ጥቂት ናቸው። በእኛ እድር ውስጥ ስንት አሉ ብዬ ራሴን ስጠይቅ አንድም አላገኘሁም። ስለዚህ ከመለኪያው በፊት ማን እንደሚለካ ተነጋገሩ።

ሽምብጥ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የዓባይ ማዶ አስተያየት በተለይ አስደንግጦኛል፤ ተመልሼ እመጣበታለሁ። ከዚያ በፊት መምህሩን አንድ ነገር ልጠይቅ። የጀልባው ጎረቤቴ ዛሬ ይበላል፤ የቀበሌ ቤት ውስጥ የሚኖር ባለመሆኑ ግን አከራዩ ኪራይ ከጨመረበት ወይም ሚስቱ ከታመመች በአንድ ወር ውስጥ ይወድቃል። እንዲህ ያለው ሰው ከወለሉ በላይ ነው ተብሎ ይታለፍ?

የስታቲስቲክስ መምህር

አይታለፍም፤ ይህ የጠየቁት ነገር የኑሮ ዋስትና ማጣት ይባላል፤ ከድህነት ጋር ቢዛመድም አንድ አይደለም። ድህነት ዛሬ ያለውን ጉድለት ሲነግረን፣ ይህኛው ነገ የመውደቅን ዕድልና የሚደግፍ ነገር አለመኖሩን ይነግረናል። በጎጃም የምትገኘውን የትመንን ጨምሮ በ15 የኢትዮጵያ የገጠር መንደሮች እ.ኤ.አ. በ1994 እና በ1995 እነዚያኑ ቤተሰቦች ደጋግሞ የጎበኘ ጥናት ነበር፤ ዴርኮንና ክሪሽናን የተባሉ ተመራማሪዎች መረጃውን ሲተነትኑ የአንድ ቤተሰብ ፍጆታ ከወቅት ወቅት እጅግ እንደሚዋዥቅ፣ በአንደኛው ጉብኝት ድሃ የነበሩትና በሌላኛው ድሃ የተባሉት ሁልጊዜ አንድ ሰዎች እንዳልሆኑ አሳይተዋል። አንድ ጊዜ ብቻ የሚለካ ሰው ይህን በፍጹም ሊያየው አይችልም።

ስለዚህ ምክሬ ሁለት ጊዜ እንድትጠይቁ ነው፤ አንዴ እህል በሚወደድበትና የግንባታ ሥራ በሚቀዘቅዝበት በነሐሴ፣ አንዴ አዲሱ ምርት ከገባ በኋላ በጥር፣ የገና ጾም ሲፈታ። የፍልሰታና የዐቢይ ጾም ሳምንታትን ዝለሉ። በሁለቱም ጊዜ ከስምንቱ የምግብ ጥያቄዎች ሌላ ሦስት ነገሮችን ብቻ ጨምሩ፦ ባለፈው ዓመት ለምግብ ወይም ለሕክምና ሲባል የተሸጠ ዕቃ አለ ወይ፣ ከገቢው በፊት የሚደርስ ዕዳና ኪራይ ስንት ነው፣ ቤቱን የሚያስተዳድረው ሰው ለአንድ ወር ቢተኛ ማን ይደርስላችኋል? የመጨረሻው ጥያቄ ላይ እቁብ የጣለ፣ ዘመድ ያለው፣ እድር ያለው ወዲያው ይመልሳል። ዝም የሚለውን ሰው ምልክት አድርጉበት።

ሁሉንም 600 ቤት ሁለት ጊዜ መጠየቅ ከከበዳችሁ፣ ስለ ሰፈሩ መቶኛ ለመናገር በዕጣ የተመረጡ 235 ቤቶች ከሞላ ጎደል በ5 በመቶ ስሕተት ውስጥ ይበቃሉ። 60ዎቹን ለመምረጥ ግን ናሙና አይሆንም፤ እያንዳንዱ በር መንኳኳት አለበት።

ሽምብጥ (ጠያቂ)

ትናንት ማታ አሮጌውን መዝገብ አወጣሁ። ባለፉት ሦስት ዓመታት ውስጥ መዋጮ ሳይከፍሉ በመቅረታቸው በቀይ እስክሪብቶ የተሰረዙ 23 ስሞች አገኘሁ፤ ከእነዚህ ዘጠኙን የሰረዝኩት እኔው በእጄ ነኝ። አንዳቸውም በሦስቱ ዝርዝሮች ላይ የሉም፤ አልተጠየቁምና። ከእድሩ ዳኛ ጋር ተነጋግረን፣ የነሐሴውን ጥያቄ ከእነዚህ 23 ቤቶች ለመጀመር፣ ቀጥሎም በሐይቁ ዳር በኩል ወደ ደንገል ሠሪዎቹ መንደር ለመሄድ ተስማምተናል። ሰፈር የቀየሩትን ፍለጋ ከፊታችን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እንወጣለን።