ለእናቴ የሚሆን የእግር መንገድ ከሲኤምሲ እስከ ሚካኤል አለ?

የእማማ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ 71 ዓመቷ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ፒያሳ ኖራ ካለፈው ዓመት ወዲህ ሲኤምሲ እኔ ዘንድ ናት። ድሮ ጠዋት ጠዋት በምርኩዟ ጊዮርጊስ ተሳልማ ትመለስ ነበር። አሁን ሲኤምሲ ሚካኤል ለመድረስ እኔን ወይም ባጃጅ መጠበቅ ሆነባት።

ዋናው መንገድ በኮሪደር ልማቱ ሰፍቷል፤ አምሮበታልም። ጭንቁ እዚያ እስክንደርስ ነው። ከግቢያችን እስከ አስፋልቱ 600 ሜትር ቢሆን ነው። ፎቅ የሚያሠራው ጎረቤታችን ጠጠሩን እግረኛ መንገዱ ላይ ቆልሎታል። ከእሱ አለፍ ሲሉ የቆርቆሮ አጥር ወደ መንገዱ ገፍቶ ወጥቷል። ቀጥሎ ክዳኑ የተሰረቀ የፍሳሽ ጉድጓድ አለ። አንድ ደግ ሰው ምልክት ብሎ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ሰክቶበት ነበር፤ ቅርንጫፉም ደርቆ ቅጠሉ ረግፏል። ሐሙስ ዕለት እናቴ አፋፉ ላይ ቆማ «የፒያሳን ዳገት ስወጣ ስወርድ ኖሬ ሳልወድቅ፣ ሜዳ ላይ ልወድቅ?» አለችኝ። ሌላ መውጫ የምታውቁ ንገሩኝ።

የሰፈሩ ሰው፦
ወንድሜ፣ ከጀርባ ያለው ኮብልስቶን ይሻላል፤ ክረምት ሲገባ ግን ጎርፍ ነው። ሐዲዱን የምትሻገሩ ከሆነ ደግሞ ቢርቅም በጣቢያው በኩል ሂዱ። አጥር ከሚዘሉት ጋር እንዳትሞክሩት።

ችኩሉ፦
መኪና ግዛላት፣ ተገላገል።

ጡረተኛ ቀያሽ፦
ችኩሉ፣ በዚህ ከተማ ከሚደረገው ጉዞ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በእግር ነው። ለሁሉም መኪና ትገዛለህ?

ልጄ፣ አንተ ጉድጓዱን አስቀድም። የብረት ክዳን ቢመለስም አይበረክትም፤ በማግስቱ ለቁራሌው ይሸጣል። እኛ ሰፈር ወረዳውን ስንጠብቅ ከረምንና በመጨረሻ አዋጥተን ፌሮ ያለው የኮንክሪት ክዳን አስሞላን። ማን ይሰርቀዋል? ለአራት ሰው እንኳን ይከብዳል። የእግረኛ መንገዱ ነገር ግን ሥር የሰደደ ነው። እኔ በሠራሁበት ዘመን መንገዱ ተነጥፎ ሳይደርቅ የውኃው ይቆፍረዋል፣ ከዚያ የስልኩ ይመጣል። ሁሉም አፈሩን መልሶ ይሄዳል፤ ንጣፉን የሚመልስ አልነበረም። የጉድጓዱን አፍ ልክ ጻፍልኝ፤ ውፍረቱን እነግርሃለሁ።

የእማማ ልጅ፦
አባቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሦስት ጎረቤቶች ለማዋጣት ተስማምተዋል። ባለጠጠሩም አለበት፤ ጠጠሩን ለፋሲካ አነሣለሁ ብሏል፣ የየትኛው ዓመት እንደሆነ አልጠየቅሁትም። የጉድጓዱን አፍ እናቴ ራሷ በምርኩዟ ለክታዋለች፤ አንድ ምርኩዝ ከስንዝር ነው። ነገ በሜትር ለክቼ እጽፍልዎታለሁ።