የኋላ መስታወት ማሞቂያ በአሮጌ ዲኤክስ ላይ ስለመግጠም

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)

ጤና ይስጥልኝ። የ1982 ሞዴል ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ አለችኝ፤ የኋላ መስታወቷ ከመጀመሪያውም የማሞቂያ መስመር የለውም። በክረምት ወደ ደብረ ሲና ስወርድ፣ በተለይ ጣርማ በር ዋሻ አካባቢ ጉም ሲኖር፣ መስታወቱ ከውስጥ ስለሚታፈን ከኋላዬ የሚመጣውን መኪና የማየው በጎን ስፖኪዮ ብቻ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ደግሞ ውጭ ካደረች መስታወቱን ከውጭ በኩል ውርጭ ይዞት አገኘዋለሁ። ሁለት አማራጭ ሰምቻለሁ፤ አንዱ ባለው መስታወት ላይ የሚለጠፍ የማሞቂያ መስመር መግዛት፣ ሌላው ሶማሌ ተራ ወርዶ ማሞቂያ ያለው ያገለገለ መስታወት ፈልጎ መቀየር ነው። የትኛውን ትመክሩኛላችሁ? ኤሌክትሪኩን ከሬዲዮው መስመር ላይ መቀጠል እንደሚቻል የነገረኝ ሰውም አለ፤ ይህስ ትክክል ነው?

መልስ 1 (የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ)

ከመጨረሻው ልጀምርና፣ ከሬዲዮው መስመር ላይ በፍጹም አያስቀጥሉ። የኋላ መስታወት ማሞቂያ በእንዲህ ያለ ትንሽ መኪና ላይ ከ10 እስከ 15 አምፔር ይስባል፤ ይህም ቢያንስ ሁለቱ የፊት መብራቶች አንድ ላይ የሚወስዱትን ያህል ነው። የሬዲዮው ሽቦ ቀጭን ስለሆነ መጀመሪያ ፊውዙ ይቃጠላል፤ አንዳንዶች እንደሚያደርጉት ፊውዙን በትልቅ ከተኩት ደግሞ ክሩስኮቱ ሥር የሚቃጠለው ሽቦው ራሱ ይሆናል።

ማሞቂያው ራሱን የቻለ መስመር ያስፈልገዋል። ሽቦው ከባትሪው ፖዘቲቭ ተነሥቶ፣ እዚያው ባትሪው አጠገብ ባለ 20 አምፔር ፊውዝ አልፎ፣ ሪሌዩ (በትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን መስመር የሚከፍትና የሚዘጋው ማብሪያ) ውስጥ በ30 ቁጥር እግር ይገባል፤ በ87 ወጥቶ በምንጣፉ ሥር በወለሉ ጠርዝ በኩል ወደ መስታወቱ አንድ ጎን ይሄዳል። የመስታወቱ ሌላ ጎን ቀለሙ ተፍቆ ንጹሕ ላሜራ በታየበት ቦታ ላይ ማሳ (ከባትሪው ኔጋቲቭ ጋር የተገናኘው የመኪናው አካል) ይታሰራል። በ86 የሚገባው የማብሪያው ሽቦ ሲሆን፣ እርሱም ኤሌክትሪክ የሚያገኘው የመኪናው ቁልፍ ሲከፈት ብቻ ከሆነ መስመር መምጣት አለበት፤ አለዚያ አንድ ሌሊት ረስተው ቢተውት ጠዋት ባትሪው ባዶ ሆኖ ያገኙታል። 85 ማሳ ነው።

በሽቦው ውፍረት ላይ ገንዘብ አይቆጥቡ። ባለ 1 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ቢጠቀሙ፣ 15 አምፔር ሲሄድበት በ4 ሜትር ርቀት ውስጥ ከ1 ቮልት በላይ ሽቦው ላይ ብቻ ይቀራል፤ ማሞቂያው የሚሰጠው ሙቀት ደግሞ ከቮልቴጁ ይልቅ በፍጥነት ስለሚቀንስ መስታወቱ ለብ ከማለት አያልፍም። ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ይበቃል።

ሌላው ዲናሞው ነው። የዚያ ዘመን ትናንሽ መኪኖች ዲናሞ በአብዛኛው ከ40 እስከ 50 አምፔር የሚሰጥ ሲሆን በሚኒሞ (ጋዝ ሳይሰጥ ሞተሩ በዝግታ) ሲሠራ ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። ስለዚህ ገና ምንም ሳይገዙ መብራቱን፣ የዝናብ መጥረጊያውንና የአየር ማራገቢያውን አብርተው፣ ጋዝ ትንሽ ሰጥተው፣ ባትሪው ላይ ቮልቴጁን ይለኩ። ከ13 ቮልት በታች ከወረደ ዲናሞውን የሚያዞረውን ቺንጋ (ቀበቶ) እና ዲናሞውን ማስፈተሽ ይቀድማል።

መልስ 2 (መስታወት የቀየረ የዲኤክስ ባለቤት)

ወንድሜ፣ መስታወቱ ከተገኘ መስታወቱን ይምረጡ። ፋብሪካው የሚያትመው መስመር ብር ያለበት ቀለም ሆኖ በከፍተኛ ሙቀት መስታወቱ ላይ የሚጋገር ሲሆን፣ የሚለጠፈው ግን የሚይዘው በሙጫ ብቻ ነው። የሚለጠፈው አይሠራም ማለቴ አይደለም፤ መስታወቱ በአልኮል ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ፀሐይ ካሞቀው በኋላ ከተለጠፈ ይይዛል፤ በደብረ ብርሃን ጠዋት ብርድ ላይ ግን ባይሞክሩት ይሻላል። ችግሩ ጉም ለማጽዳት በጨርቅ በጠረጉት ቁጥር ጫፉ መላጥ መጀመሩ ነው።

ያገለገለ መስታወት ሲገዙ የሻጩን ቃል ብቻ አይመኑ። ባትሪ፣ ሁለት ሽቦና መለኪያ ይዘው ይሂዱና በሁለቱ ጎኖች 12 ቮልት ሰጥተው የእያንዳንዱን መስመር መካከል ይለኩ፤ ወደ 6 ቮልት የሚጠጋ ከሆነ ደህና ነው፤ 12 ወይም 0 ካሳየ ያ መስመር አንድ ቦታ ተቆርጧል። መለኪያ ከሌለዎት መስታወቱ ላይ በአፍዎ እፍ ይበሉበት፤ ጤነኛው መስመር ዙሪያውን እየጠራ ሲሄድ የተቆረጠው እንደታፈነ ይቀራል። አንድ ሁለት ቁራጭ በብር ቀለም ይጠገናል፤ ከዚያ ከበዛ ሌላ መስታወት ይፈልጉ። ሽቦ የሚሰካባቸውን የጎን ምላሶችም በእጅዎ ነካ ያድርጓቸው፤ የተነቀለ ምላስ በተራ ብየዳ መመለስ ብዙውን ጊዜ ብሩን ይዞት ይነሣል።

መስታወቱ በጎማ የሚያዝ ስለሆነ አገጣጠሙ አስቸጋሪ አይደለም፤ ጎማው መስታወቱ ላይ ይደረጋል፣ በጎማው ከንፈር ውስጥ ጠንካራ ገመድ ዙሪያውን ይገባል፣ አንድ ሰው ከውጭ በመዳፉ እየገፋ ሌላው ከውስጥ ገመዱን ቀስ እያለ ይስባል። አሮጌውን ጎማ መልሶ መጠቀም ግን ውኃ ወደ ፖርቶ ባጋሊ ማስገባት ነው።

ጠያቂው

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ሁለት ነገር ልጨምር። የሂተሯ ቱቦ ውኃ ስላፈሰሰ ድሮ ጋራዥ ውስጥ ተዘግቶ ቀርቷል። ደግሞስ አዲሱ መስታወት ላይ ጥቁር ፊልም ባስለጥፍ ጉዳት አለው?

መልስ 3 (መካኒክ)

እንግዲያው የውስጡ መታፈን ዋና ምክንያት የሂተሩ መዘጋት ይመስለኛል። ከሰው እስትንፋስና ከእርጥብ ልብስ የሚወጣው እርጥበት መውጫ ሲያጣ መጀመሪያ የሚያርፈው ቀዝቃዛ መስታወት ላይ ነው፤ የኋላ ማሞቂያ ቢገጥሙም የፊቱና የጎኖቹ እንደታፈኑ ይቀራሉ። ሂተሩን አስጠግነው ቱቦውን መልሰው ያስከፍቱ፤ አየሩንም ከውጭ በሚያስገባው በኩል ያድርጉት። የፊት ወንበር ሥር ያለውን ምንጣፍ ገልጠው በእጅዎ ይጫኑት፤ እርጥብ ከሆነ ውኃ የሚገባበት ቦታ አለና መጀመሪያ እርሱ ይደፈን። ለታኅሣሥ ውርጭ ግን የኋላ ማሞቂያው የግድ ያስፈልግዎታል፤ ወጪው አይቆጭዎትም።

ፊልሙን በተመለከተ፣ ማሞቂያው ላይ መለጠፉ ራሱ ብዙ ጉዳት የለውም፤ ፊልሙ ሲነሣ ወይም ሙጫው በምላጭ ሲፋቅ ነው መስመሮቹ አብረው የሚነሡት። ከሶማሌ ተራ የሚገዙት መስታወት ፊልም ካለበት ፊልሙ እንዳለ ይፈትኑት፤ የሚሠራ ከሆነም እንዲሁ ይተዉት። ሲያጸዱም ጨርቁ መስመሮቹን ተከትሎ ከጎን ወደ ጎን ይሂድ እንጂ ከላይ ወደ ታች አያቋርጣቸው።