የፍራተርኒቲ የቀድሞ አባላት ከተመረቁ ከብዙ ዓመታት በኋላ ለቻፕተር ቤታቸው ገንዘብ የሚሰጡት ለምንድን ነው?

ወላጅ ከሜሪላንድ

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። ልጄ በመካከለኛው ምዕራብ አሜሪካ በሚገኝ አንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሲሆን፣ አምና ፍራተርኒቲ፣ ማለትም የወንድ ተማሪዎች ማኅበር፣ ገብቶ ዘንድሮ የሚኖረው በማኅበሩ ቤት ነው። ለሆምካሚንግ፣ ማለትም የቀድሞ ተማሪዎች ወደ ዩኒቨርሲቲው ለሚመለሱበት በዓል፣ ልንጠይቀው ሄደን ቤቱን አየነው። በኮሪደሩ ግድግዳ ላይ የየዓመቱ አባላት ጉርድ ፎቶግራፍ በትልልቅ ፍሬም ተሰብስቦ ተሰቅሏል፤ በጥናት ክፍሉ በር አጠገብ ደግሞ የለጋሾች ስም የተቀረጸበት የነሐስ ሰሌዳ አለ። ከሁሉም በላይ ያስገረመኝ፣ ፀጉራቸው የሸበተ የቀድሞ አባላት ከተማሪዎቹ ጋር ተቀምጠው ስለ ጣሪያው እድሳትና ስለ ቦይለሩ በቁም ነገር ሲመክሩ ማየቴ ነው። በእኛ ዕድር የሚያዋጣ ሰው ነገ በእሱ ቤት ኀዘን ቢገባ ድንኳኑ ለእሱም እንደሚተከል ያውቃል፤ እነዚህ ሰዎች ግን ተመልሰው ለማያድሩበት ቤት ነው ገንዘባቸውን የሚሰጡት። ምን ይገፋፋቸዋል? ለእኛ ለወላጆችም የልገሳ ደብዳቤ ስለ ደረሰን፣ ነገሩን ሳልረዳው እጄን መዘርጋት አልፈለግሁም።

የቀድሞ አባል ከኦሃዮ

ጤና ይስጥልኝ። የጥያቄዎ መልስ የሚጀምረው ቤቱ የማን ነው ከሚለው ነው። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የቻፕተር (በአንድ ዩኒቨርሲቲ ያለ የማኅበሩ ቅርንጫፍ) ቤት የትምህርት ቤቱም፣ የፍራተርኒቲው ብሔራዊ ጽሕፈት ቤትም አይደለም። የቀድሞ አባላት ያቋቋሙት፣ «ሀውስ ኮርፖሬሽን» የሚባል ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ይይዘዋል፤ የቦርዱ አባላትም ያለ ደመወዝ የሚያገለግሉ ምሩቃን ናቸው። መሬቱ የዩኒቨርሲቲው የሆነበት ወይም ቤቱ በኪራይ የተያዘበት ቦታም አለ፤ ይሁንና በአብዛኛው የባንክ ዕዳውን የፈረሙት፣ ጣሪያው ሲያፈስ የሚጠየቁት እነዚያ ሽበታም ሰዎች ናቸው። ተማሪው በየአራት ዓመቱ ይለወጣል፤ ለሠላሳ ዓመት የሚከፈል ዕዳን የ19 ዓመት ወጣት ሊሸከመው አይችልም።

ተማሪዎቹ የሚከፍሉት ኪራይ ለምግብ ሠራተኛዋ፣ ለመብራትና ለውኃ፣ ለንብረት ግብርና ከዓመት ዓመት ለሚንረው ኢንሹራንስ ይውላል። በሃያና በሠላሳ ዓመት አንዴ ለሚመጣው ትልቅ ወጪ፣ ማለትም ለጣሪያው፣ ለቧንቧውና ለኤሌክትሪክ መስመሩ ቅያሪ ግን አይበቃም። ኪራዩ ያን ሁሉ እንዲሸፍን ቢደረግ ተማሪው ግቢውን ለቆ አፓርታማ ይከራያል፤ ባዶ አልጋ ሲበዛ ደግሞ ቤቱ ራሱ ይዘጋል። ስለዚህ ለጋሾች በሦስት ወይም በአምስት ዓመት ከፍለው የሚጨርሱት ቃል የሚገቡበት ሰፊ ዘመቻ ይካሄዳል።

ይህ ገንዘቡ ለምን እንደሚያስፈልግ ቢያስረዳም፣ ሰዎቹ ለምን እንደሚሰጡ አይነግረንም። እኔ እንዲህ ባለ ቦርድ ውስጥ አገልግያለሁ፤ ለጋሾችን ስናነጋግር ስለ ሕንፃው አስቀድሞ የሚያነሣ ሰው እምብዛም አይገኝም። አንድ ሰው ይጠራሉ፦ ካልኩለስ ሊወድቁ ሲሉ ሌሊቱን ሙሉ አብሯቸው የተቀመጠውን የአራተኛ ዓመት ተማሪ፣ አባታቸው የሞተ ቀን መኪና አስነሥቶ ሰባት ሰዓት ነድቶ ያደረሳቸውን የክፍል ጓደኛ። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ውለታ ነው። በወጣትነታቸው የከፈሉት ኪራይ የኖሩበትን ቤት ወጪ እንዳልሸፈነ፣ ጉድለቱን የማያውቁት ሰው እንደሞላላቸው ይረዳሉ። ያ ሰው ምናልባት አፈር ለብሷል፤ ብድሩን ለእሱ መመለስ ስለማይቻል ለሚቀጥለው ይመልሱታል። እኔም የስደተኛ ልጅ ነኝ፤ የመጀመሪያ የክረምት ሥራዬን ያገኘሁት ከእኔ በሃያ ዓመት ቀድሞ የተመረቀ የዚያ ቤት ልጅ ስልክ አንሥቶ ስለ ነገረልኝ ነው። በየዓመቱ የምሰጠው ገንዘብ ብዙ ባይሆንም በደስታ የምሰጠው ነው።

የሚጠይቀው ሰው ማንነትም ብዙ ነገር ይወስናል። ከጽሕፈት ቤት የሚላክ ደብዳቤ ብዙውን ጊዜ ሳይከፈት ይቀራል፤ የቀድሞ የክፍል ጓደኛ ደውሎ «የእኛ ዓመት ልጆች የጥናት ክፍሉን እናሳድስ» ሲል ግን እምቢ ማለት ይከብዳል። ከመካከላቸው አንዱ ሲሞት ደግሞ የቀሩት በስሙ ክፍል ያሳድሳሉ ወይም የትምህርት ድጋፍ ያቋቁማሉ። ስሜ በግድግዳ ላይ ይቀረጽልኝ የሚል ፍላጎትም እንዳለ አልክድም፤ ጣሪያው እስከ ተሠራ ድረስ ነውር አይመስለኝም።

አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1996፣ በእናቶች ቀንና በምረቃው ዕለት፣ በሰሜን ካሮላይና ቻፕል ሂል በሚገኝ የፍራተርኒቲ ቤት በተነሣ እሳት 5 ተማሪዎች ሞተዋል። ቤቱ በእሳት ጊዜ ከጣሪያ ውኃ የሚረጭ ስፕሪንክለር አልነበረውም፤ ከተማዋ ከዚያ በኋላ በሁሉም የፍራተርኒቲና የሶሮሪቲ (የሴት ተማሪዎች ማኅበር) ቤቶች እንዲገጠም አስገደደች። በአሮጌ ሕንፃ ላይ ይህን መግጠም እጅግ ውድ ነው። የምሩቃን ገንዘብ ከዋለባቸው ነገሮች ሁሉ ከዚህ የሚበልጥ ቁም ነገር አላውቅም።

የሒሳብ ባለሙያ ከሚኒሶታ

ከግብር አንጻር ባጭሩ፦ ቻፕተሩ ራሱ በሕጉ የመዝናኛ ክበብ ተብሎ ስለሚመደብ፣ በቀጥታ ለእሱ የሚሰጥ ገንዘብ ከግብር አይቀነስም። በአንጻሩ በግብር ሕጉ አንቀጽ 501(c)(3) የበጎ አድራጎት ድርጅት ሆኖ የተመዘገበ የትምህርት ፋውንዴሽን ካለ፣ ለእሱ የሚሰጠው በሕጉ መሠረት ሊቀነስ ይችላል። ፋውንዴሽኑ ግን ገንዘቡን ለትምህርት ድጋፍ ወይም ለጥናት ክፍልና ለቤተ መጻሕፍት እንጂ ለድግስ አዳራሽ ማዋል አይፈቀድለትም። ስለዚህ ቼኩ በማን ስም እንደሚጻፍ አስቀድመው ያጣሩ።

የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ

እኔ ደግሞ ቤት የሌለበትን ልምድ ልንገራችሁ። የጥቁር አሜሪካውያን ፍራተርኒቲዎችና ሶሮሪቲዎች ብዙዎቹ ቻፕተሮች የራሳቸው ቤት የላቸውም፤ ሲመሠረቱ መሬት ለመግዛትና ከባንክ ለመበደር የነበረባቸው እንቅፋት የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ አባልነታቸው በምረቃ አያበቃም፤ በየከተማው የምሩቃን ቻፕተር ስላለ ሰው እስከ ዕለተ ሞቱ መዋጮውን ይከፍላል፣ ታዳጊዎችን ያስጠናል፣ ስኮላርሺፕ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ1906 በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የተመሠረተው አልፋ ፋይ አልፋ፣ አባሉ ለነበረው ለማርቲን ሉተር ኪንግ በዋሽንግተን የቆመውንና በ2011 የተመረቀውን መታሰቢያ ሐሳብ ያመነጨ ማኅበር ነው። ከዚህ የምረዳው፣ ቤቱ ለመስጠት ምክንያት እንደሚሆን ሁሉ፣ ያለ ቤትም መስጠት ሥር ሊሰድ እንደሚችል ነው።

እናት ከፔንስልቬንያ

የተባለው ሁሉ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሌላው ገጽታ ካልተነገረ ለወላጅ ሙሉ መልስ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2017 በፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲ አንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ በፍራተርኒቲ ቤት በተፈጸመበት ሄዚንግ፣ ማለትም አዲስ ገቢን አዋርዶና አሠቃይቶ በመቀበል ልማድ፣ ብዙ መጠጥ ተግቶ ከደረጃ ወድቆ ሞቷል። ያ ቤት በአንድ የቀድሞ አባል የብዙ ሚሊዮን ዶላር ልገሳ የታደሰ ያማረ ቤት ነበር። ገንዘቡ ግድግዳውን አሳመረው እንጂ በውስጡ የሚሆነውን አላረመውም። በዚያው ሰበብ ግዛታችን በ2018 ሕጉን አጠበቀች፤ በ2024 መጨረሻም ኮሌጆች የሄዚንግ ድርጊቶችን ለሕዝብ እንዲያሳውቁ የሚያስገድድ የፌዴራል ሕግ ወጥቷል።

ምሩቃን ገንዘብ ሲሰጡ ሥልጣንም ይይዛሉ። ቤቱን የሚዘጋውም፣ ደንብ የሚያወጣውም ባለቤቱ ነው፤ «እኛም እንዲህ አልፈናል» ብለው ዓይናቸውን የሚጨፍኑ ለጋሾች ካሉ ጥፋቱን ይደግፋሉ ማለት ነው። እንደ ዊልያምስና ቦውዶይን ያሉ ኮሌጆች ፍራተርኒቲን ጨርሰው አስቀርተዋል፤ የቦውዶይን የቀድሞ ፍራተርኒቲ ቤቶች ዛሬ ለሁሉም ተማሪ ክፍት የሆኑ የኮሌጁ ቤቶች ናቸው። ፍቅር ያለው ምሩቅ ሁሉ ቤቱ እንዳለ እንዲቀጥል መታገል አለበት ብዬ አላምንም።

ወላጅ ከሜሪላንድ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። በተለይ የመጨረሻዋ እኅቴ ያነሣሽው እንቅልፍ የሚነሣ ነው። የኦሃዮው ወንድሜ፣ እርስዎ በእኔ ቦታ ቢሆኑ ከመስጠትዎ በፊት ምን ይጠይቁ ነበር?

የቀድሞ አባል ከኦሃዮ

እኅታችን ትክክል ናት፤ ቦርድ ውስጥ ሳለሁ ከጣሪያው ይልቅ የሚያስጨንቀን ይህ ነበር። የሀውስ ኮርፖሬሽኑን ሊቀ መንበር ስም ከልጅዎ ይቀበሉና በስልክ ያነጋግሩት። ቤቱ ስፕሪንክለር ይኑረው አይኑረው፣ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደ ተፈተሸ፣ በቤቱ ውስጥ የሚኖር ተማሪ ያልሆነ ኃላፊ መኖሩን፣ ቻፕተሩ ባለፉት ዓመታት በዩኒቨርሲቲው ተቀጥቶ ያውቅ እንደሆነ፣ ተቀጥቶ ከሆነም ምሩቃኑ ምን እንዳደረጉ ይጠይቁት። ቅጣቱን ዩኒቨርሲቲው ራሱ በድረ ገጹ ካወጣው መዝገብ ጋር ያመሳክሩት። ሰውዬው በግልጽ ከመለሰልዎትና ልገሳው ለእሳት መከላከያ ወይም ለጥናት ክፍል ተለይቶ እንዲውል በጽሑፍ ካረጋገጠልዎት፣ እኔ ብሆን እሰጥ ነበር። ካድበሰበሰብዎት ግን ገንዘቡን ይተዉትና ስለዚያ ቤት ከልጅዎ ጋር ይነጋገሩ።