ለአባቴ የትኛውን የራስጌ ሬዲዮ ልግዛ?

ወገኖች፣ እባካችሁ አማክሩኝ። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። አባቴ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ለኪዳን ይነሳል። በዚህ ብርድ እንኳን ለእሱ ለእኔም ከባድ ነው። ስልክ ላይ አላርም ሞልቼለት ነበር፤ በጨለማ ማጥፋቱ አስቸገረው። ስለዚህ ሰዓትም ሬዲዮም የሆነ፣ ራስጌ የሚቀመጥ ዕቃ ልገዛለት አስቤያለሁ።

ሱቅ ካየኋቸው አንዱ ልቤን ወስዶታል። ቁጥሮቹ ትልልቅ ናቸው። የአላርሙ ማጥፊያ አናቱ ላይ ነው፤ መዳፍ ስለሚያክል ሳያይም ይጫነዋል። ገልብጬ ጀርባውን ሳነበው ግን 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ይላል (ኸርዝ ማለት መብራቱ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ ነው)። የእኛ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ባለሱቁ «ትራንስፎርመር ጨምርበት» አለኝ። ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይቀይርም። ሰዓቱ ጊዜ የሚቆጥረው በመብራቱ ምልልስ ከሆነ በየሰዓቱ 10 ደቂቃ ወደኋላ ይቀራል። ኪዳን ካመለጠው ደግሞ አባቴ ቀኑን ሙሉ ቅር ይለዋል፤ ያንን ማየት አልፈልግም።

ሌላኛው 220 ቮልት ነው። ለመጠባበቂያ ባለ 9 ቮልት ባትሪ ይገባበታል። ግራ የገባኝ እዚህ ላይ ነው። ሌሊት መብራት ሲጠፋ ባትሪው ሰዓቱን ብቻ ነው የሚይዘው ወይስ አላርሙም ይጮኻል? ሁለቱም ዓይነት አለ፤ ካርቶኑ ላይ ግን የተጻፈ ነገር የለም። እዚያው ሱቅ ውስጥ አላርሙን ሞልቼ ሶኬቱን ብነቅለው ለማወቅ ይበቃኛል? ወይስ ይህን ሁሉ ትቼ በድንጋይ ብቻ የሚሠራ ልግዛለት? የተጠቀማችሁበት ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።